ከጣት በፊት ጆሮ

ጊታር ለመማር የሚነሣ ወጣት ብዙ ነው፤ ተምሮ የሚዘልቀው ግን ጥቂት ነው። መሣሪያው በገንዘብ ይገዛል፣ ወይም ከዘመድ በውሰት ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጉጉት ያልፋሉ፤ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ግን ጊታሩ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ሲጠጣ ይታያል። ስለ ምክንያቱ የተጠየቀ እንደ ሆነ ጀማሪው የጣቱን ሕመም፣ የአስተማሪ ማጣትን ወይም የተሰጥኦ ማነስን ያነሣል። እነዚህ ችግሮች መኖራቸው አይካድም። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም የትምህርቱ ቅደም ተከተል መዛባት ነው። ጀማሪው ጆሮው ከማያውቀው ዜማ፣ ጣቱም ከማይችለው አያያዝ ይጀምራል። ይህን ሐሳብ ለማስረዳት ከጎረቤታችን ከሱዳን፣ በተለይም ከካርቱም የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም።

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ ሦስት ከተሞች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ እነርሱም ካርቱም፣ ሰሜን ካርቱምና ኦምዱርማን ናቸው። ከሦስቱ መካከል የሱዳን የከተማ ዘፈን ያደገው በኦምዱርማን ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት የዚያች ከተማ ዘፋኞች የሚያዜሙት በድምፃቸው፣ በጭብጨባና «ሪቅ» በሚባል ትንሽ ከበሮ ብቻ ነበር። ይህ የአዘፋፈን ዐይነት ኋላ «ሐቂባ» የሚል ስም ወጣለት። ቃሉ በዐረብኛ ቦርሳ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የተገኘው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኦምዱርማን ሬዲዮ ይሰማ ከነበረ ዝግጅት ነው። ሬዲዮ ጣቢያው ራሱ ሥራውን የጀመረው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ዑድ፣ ቫዮሊንና አኮርዲዮን የዘፋኙ አጃቢዎች እየሆኑ መጡ።

ጊታር በሰፊው መሰማት የጀመረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ስሙ በቅድሚያ የሚነሣው ሻርሃቢል አሕመድ ነው። ሻርሃቢል በኦምዱርማን የተወለደ፣ በሥዕል ትምህርት የሠለጠነና ለልጆች መጽሔት ሥዕል በመሣል ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። የኤሌክትሪክ ጊታርን፣ ሳክስፎንንና ትራምፔትን አሰልፎ ባቋቋመው ባንድ ምክንያት «የሱዳን ጃዝ ንጉሥ» የሚል ቅጽል አግኝቷል። በካርቱም «ጃዝ» የሚለው ቃል ከአሜሪካው ጃዝ ጋር እምብዛም አይገናኝም፤ በጊታርና በነፋስ መሣሪያዎች የታጀበ የጭፈራ ሙዚቃ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። በባንዱ ውስጥ ባለቤቱ ዘኪያ አቡ ቃሲም ጊታር ትጫወት ነበር፤ በአገሪቱም የመጀመሪያዋ ሴት ጊታር ተጫዋች ተብላ ትታወቃለች። ጊታር የወንዶች መሣሪያ ነው ብላ ከመጀመሯ በፊት የምትተወው ልጃገረድ ይህን ብታውቅ ይጠቅማታል።

ከሻርሃቢል ታሪክ ለጉዳያችን የሚረባው ነጥብ አንድ ነው። ጊታር ከመያዙ በፊት ዑድ ይጫወት ነበር፤ የሐቂባ ዜማዎችንም ጆሮው ጠግቦ ነበር። ዑድ በአንገቱ ላይ ድምፅን የሚለዩ ብረቶች የሉትም። ተጫዋቹ ጣቱን አንድ ስንዝር ጠጉር ያህል ቢያዛንፍ ድምፁ ይበላሻል፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ስፍራ የሚያሳየው ጆሮው ብቻ ነው። ጊታር ግን ብረቶቹ ስላሉት ማንም ሰው ጣቱን ቢያሳርፍ የጠራ ድምፅ ያወጣል። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ምቾት መሆኑ እርግጥ ነው፤ ዳሩ ግን ምቾቱ ጆሮን ያሰንፋል። ዑድ ያስገድድ የነበረውን የማዳመጥ ሥራ የጊታር ጀማሪ በፈቃዱ ካልሠራው የሚያስገድደው ነገር የለም።

እንግዲህ ጆሮን የሚያሠለጥነው ትምህርት ምን ይመስላል? የሱዳን ማዕከላዊ አካባቢ ዘፈን በአብዛኛው የተመሠረተው በአምስት ድምፆች ነው፤ እነርሱም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። እነዚህ እኛ ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት ድምፆች ናቸው። መሐመድ ወርዲና ሰይድ ኸሊፋ በኢትዮጵያ ያገኙትን ፍቅር ብዙ ሰው በጉርብትና ብቻ ሲያመካኝ ይሰማል። ጉርብትናው ባይካድም፣ አንድ የዐረብኛ ቃል የማያውቅ አዲስ አበቤ የሱዳን ዘፈን እየተከተለ ሊያንጎራጉር የቻለው ጆሮው አምስቱን ድምፆች አስቀድሞ ስለሚያውቃቸው ነው።

በጊታር አንገት ላይ ከተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች መካከል ያለውን እያንዳንዱን ክፍል እርከን እንበለውና ከአንገቱ ጫፍ ወደ ሆዱ እንቁጠር። አንድ አውታር ብቻ ይመረጥ። መጀመሪያ አውታሩን ባዶውን መምታት፣ ቀጥሎ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 7ኛውን፣ 9ኛውን፣ በመጨረሻም 12ኛውን እርከን እየተጫኑ መምታት ነው። 12ኛው ላይ የመጀመሪያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመለሳል። ከስድስቱ አውታሮች በየትኛውም ላይ ቢሞከር ውጤቱ አንድ ነው፤ ትዝታ ሜጀር ተገኘ ማለት ነው። አምባሰልን የፈለገ ባዶውን፣ 1ኛውን፣ 5ኛውን፣ 7ኛውንና 8ኛውን ይምታ። ትዝታ ማይነር ደግሞ ባዶው፣ 2ኛው፣ 3ኛው፣ 7ኛውና 8ኛው ነው። (አምባሰልና ትዝታ ማይነር በድምፆቻቸው አንድ ሆነው መነሻና ማረፊያቸው ብቻ የሚለያይ መሆኑን ታግሦ የመረመረ ተማሪ ራሱ ይደርስበታል።) በጆሮ የሚቃኝ ክራር ከጊታሩ እርከኖች በጥቂቱ ፈቀቅ ሊል ይችላል፤ ለጀማሪ ግን ልዩነቱ እንቅፋት አይሆንም።

በዚህ ዐይነት አንድ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከልጅነቱ የሚያውቀውን አንድ ዘፈን በአንድ ጣት ፈልጎ ያገኛል። ሲሳሳት ስሕተቱን የሚነግረው መምህር አያሻውም፤ ዘፈኑ ራሱ ይነግረዋል።

«ኮርድ ይቅደም» የሚሉ ሰዎች ይህን አይቀበሉም። መከራከሪያቸውም ቀላል አይደለም። ሦስት ኮርድ ያወቀ ተማሪ በአጭር ጊዜ ውስጥ ዘፋኝን ማጀብ ይችላል፤ ጓደኞቹ ከበው ሲዘፍኑለት ልቡ ይበረታታል፤ ቀኝ እጁም ምትን ይለምዳል ይላሉ። በሁሉም የሚገኙት የመማሪያ መጻሕፍት የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። እኔም ኮርድ አያስፈልግም አልልም፤ የሻርሃቢልም ሆነ የአዲስ አበባ ባንዶች ሙዚቃ ያለ ኮርድ የሚታሰብ አይደለም። የምቃወመው መቅደሙን ነው።

ምክንያቱን በድምፆቹ እናስላው። መጻሕፍቱ የሚያስቀድሟቸው ሦስት ኮርዶች የዶ፣ የፋና የሶል ናቸው። የዶ ኮርድ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው፤ ሁሉም ከአምስቱ ውስጥ ይገኛሉ። የፋ ኮርድ ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው፤ ፋ ግን ከአምስቱ ውስጥ የለም። የሶል ኮርድ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው፤ ሲም የለም። ስለዚህ ጀማሪው የትዝታን ወይም የኦምዱርማንን ዜማ በእነዚህ ሦስት ኮርዶች ሲያጅብ፣ ዜማው የማያውቃቸውን ሁለት እንግዶች ሳያውቅ ያስገባል። ጆሮው አንድ ነገር እንዳልተስማማ ይሰማዋል፤ ምን እንደ ሆነ ግን አይገባውም። ያን ጊዜ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያላክካል፤ ወይም የአገሩን ዘፈን ትቶ መጽሐፉ ወደሚያቀርበው ዘፈን ይሄዳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። የሠለጠነ ሙዚቀኛ ፋንና ሲን ዐውቆ ቢያስገባ የሚያምር ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ እንግዳን ዐውቆ መጋበዝና በሩን ክፍት ረስቶ መተኛት ግን አንድ አይደሉም።

በዚህ ላይ የፋ ኮርድ በተለመደው አያያዝ አመልካች ጣትን በአውታሮቹ ላይ አጋድሞ መጫንን ይጠይቃል። ቆዳው ገና ያልጠነከረ ጀማሪ ይህን ሲሞክር ሥቃዩን ያያል። አንድ አውታር በአንድ ጣት የሚጫን ሰው ግን ሕመሙን በልክ ይቀበለዋል። ጣቱን ከብረቱ አጠገብ፣ ከበስተኋላው ቢያሳርፍ ትንሽ ኀይል ይበቃዋል። በቀን ሩብ ሰዓት የሠራ ልጅ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የጣቱ ጫፍ ይጠነክርለታል፤ አንድ ቀን አራት ሰዓት ሠርቶ ሳምንቱን የሚያርፈው ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይታመማል።

ስለ መሣሪያው አያያዝ ለካርቱም ጀማሪ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በዚያች ከተማ በሞቃቱ ወራት የሙቀቱ መጠን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የአየሩ እርጥበትም ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ጊታር የሚስማማው እርጥበት ደግሞ ከ45 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ነው። በድርቀቱ እንጨቱ ይኰማተራል፣ አንገቱ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ሆዱ ይሰነጠቃል፤ «ሀቡብ» የሚሉት የአቧራ ማዕበልም አውታሮቹን ያቈሽሻቸዋል። አንገቱ ሲጣመም መጫወቱ ይከብዳል፤ ጀማሪውም የእንጨቱን ጥፋት የራሱ ድክመት አድርጎ ይቈጥራል። ጊታሩን ከፀሐይ አርቆ በማኅደሩ መክተት፣ በማኅደሩም ውስጥ ቀዳዳ ባለው ትንሽ ዕቃ እርጥብ ስፖንጅ ማስቀመጥ በቂ መድኀኒት ነው።

ክራር ባለበት ቤት ያደገ ልጅ መንገዱ በግማሽ ቀሎለታል። መሐመድ ወርዲን ለዚህ ምስክር ልጥራ። በ1932 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሱዳን በኑብያ ምድር የተወለደው ወርዲ ከልጅነቱ ጀምሮ ይጫወት የነበረው የክራር ዘመድ የሆነውን ጠምቡር ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ወደ ኦምዱርማን ሬዲዮ ሲገባ የአገሩን ዜማና ምት ይዞ ገባ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በካርቱም እስካረፈበት ጊዜ ድረስም ዘፈኑን በዑድ ቢያጅብ በትልቅ ኦርኬስትራ፣ ያ የልጅነት ምት ከሙዚቃው አልተለየም። በጠምቡርም ሆነ በክራር ቀኝ እጅ አውታሮቹን በሙሉ ሲገርፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን አውታሮች እየነኩ ዝም ያሰኛሉ። በጊታር ደግሞ የግራ እጅ አውታሩን በመጫን ያሳጥራል። ሥራው ቢለያይም ጆሮው አንድ ጆሮ ነው።

ነገሩ የጥቂት ወጣቶች የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. በሱዳን ሥልጣን የያዘው መንግሥት ዘፈንን በብርቱ ሲጫን ኖሯል። በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድምፃዊው ኮጃሊ ዑስማን በኦምዱርማን በሙዚቀኞች ክበብ ውስጥ በስለት ተወግቶ ተገደለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ከተማዋ ከነሙዚቀኞቿ ተበተነች። የኦምዱርማን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ እስከ መጋቢት 2016 ዓ.ም. ድረስ በተዋጊዎች እጅ ነበር፤ የስንት ዘመን ድምፅ የተቀዳበት ክር በዚያ ግቢ ውስጥ እንደ ነበረ ያስታወሰ ሰው ምን ያህል እንደ ሠጋ መገመት አያስቸግርም። በ1969 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ ኋላም የሱዳን የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሙዚቃና የድራማ ተቋም ተማሪዎችም ከከተማው ሕዝብ ጋር ተሰደዱ። ክር ይቃጠላል፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል። በጆሮና በጣት የተያዘ ዜማ ግን ከሰውየው ጋር ድንበር ይሻገራል። ከመጽሐፍ ሦስት ኮርድ ብቻ ይዞ የተሰደደ ጀማሪ ከካርቱም ይዞት የወጣው ነገር ምንድን ነው?

ከጦርነቱ የሸሹ ሱዳናውያን ሙዚቀኞች በካይሮም በአዲስ አበባም አሉ። ከእነርሱ አንዱ በጎረቤት የሚኖርለት ጀማሪ ካለ፣ ጊታሩን ይዞ ሲሄድ ኮርድ እንዲያሳዩት አይጠይቅ። አንድ የኦምዱርማን ዘፈን ቀስ ብለው እንዲያዜሙለት ይለምናቸው፤ እርሱም አንዱን አውታር ባዶውን መትቶ ከእነርሱ ድምፅ ጋር እስኪገጥም ይቃኘው፤ ከዚያም 2ኛውን እርከን ይፈልግ።