የተጠገነ መኪናም ምስክር ያሻዋል

ድጓ የተማረ ሰው በልማዱ ጋይንት ወርዶ ከቤተ ልሔም ካላስመሰከረ በሙሉ መምህርነት አይታወቅም። ክፉኛ ተሰብሮ ለተጠገነ መኪናስ እንዲህ ያለ ምስክር አያሻውምን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ በአንቀጽ 678፣ የንብረት መድን ካሣ ንብረቱ በአደጋው ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ የጥገናው ወጪ ከዋጋው ጋር የማይመጣጠን ሲሆን ድርጅቱ መኪናውን እንደ ጠፋ ቆጥሮ ይክሳል፤ ስብርባሪውንም ወስዶ በጨረታ ይሸጣል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ገዢው በርካሽ አስጠግኖ፣ ቀለም ቀብቶ ለሌላ ቢሸጠውስ? በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ መካከል ባለው ቁልቁለት ቀለም ፍሬን አይሆንም።

እንግዲህ የእንዲህ ያለው መኪና ታሪክ በሊብሬው ላይ ይጻፍ፤ ሻንሲውና ፍሬኑ ሳይመረመርም መንገድ አይውጣ። ባለንብረቱም «መኪናዬ አይጠገንም የሚባለው ወጪው ስንት ሲደርስ ነው?» ብሎ ውል ሲፈርም ይጠይቅ። ከአደጋው በኋላ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና።