የሾላ ገበያ ሕዝብና የምርጫው ወሰን

የእርሻ ወሰን ሲገፋ ባለመሬቱ ወዲያው ይጮኻል፤ የምርጫ ወሰን ሲያረጅ ግን የተጐዳው ሰው መጐዳቱን አያየውምና ዝም ይላል። ስለዚህ የሾላ ገበያን አካባቢ ምሳሌ አድርገን ስለዚህ ነገር ጥቂት ማሳሰብ ተገባን።

ሕዝብ እንደራሴውን የሚልክበት ሥርዓት በየዘመኑ ተለዋውጧል። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባሎች የሚመርጡት መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ምርጫውን ለሕዝብ ሰጠ፤ ወሰኑንም በሰው ቍጥር አቆመው። ይኸውም አንድ የምርጫ ወረዳ ወደ 200,000 ሰው ይዞ 2 እንደራሴ እንዲልክ፥ ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማም 1 እንደራሴ እንዲኖረው፥ ከዚያ በላይ ለሚገኘው ለየ50,000ው ሰው አንድ አንድ እንዲጨመርለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናውም ሕገ መንግሥት ይህን መሠረት አልለቀቀም፤ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቈጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲደረግ፥ በውጤቱም መሠረት የምርጫ ቦርድ ረቂቅ አቅርቦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንዲወስን ያዝዛል።

ሥራው ግን ከትእዛዙ ወደ ኋላ ቀርቷል። የአዲስ አበባ የምርጫ ክልሎች ቍጥራቸውን የወረሱት ከተማዪቱ በ28 ወረዳ ተከፍላ ከነበረችበት ጊዜ ነው። በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተማ ተቋቋመና ሾላ ገበያ በየካ ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ለሚ ኩራ 11ኛው ሆነ። የአስተዳደሩ ወሰን እንዲህ ሲመላለስ የከተማዪቱ መቀመጫ በ1987 ዓ.ም. ምርጫ 23 ነበረ፤ በ2013 ዓ.ም. ምርጫም ያው 23 ነበረ።

ሕዝቡ ግን ባለበት አልቆመም። በ1987 ዓ.ም. ቈጠራ 2,112,737 የነበረው የአዲስ አበባ ነዋሪ፥ በ1999 ዓ.ም. 2,739,551 ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ወዲህ በአያት፥ በሰሚትና በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ከመካከለኛው ከተማ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ምሥራቅ ፈለሰ። በ2011 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበውም ቈጠራ ተላለፈ። ሕዝብ በበዛበትና ወሰኑ ባልታደሰበት ክልል የአንዱ ሰው ድምፅ ክብደት ሕዝቡ ከሳሳበት ክልል ሰው ድምፅ ያንሳል፤ ሁለቱም ግን በሕግ ፊት እኩል ናቸው።

ወሰን መንካት ጠብ ያስነሣል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጠብ የሚያስነሣው ያለ ቈጠራ፥ በምርጫ ዋዜማ፥ በጥርጣሬ የተነካ ወሰን ነው። ሊቃውንቱ እንደሚያውቁት በኦሪት ዘኍልቍ ሕዝቡ አስቀድሞ ተቈጠረ፤ ርስቱም ከዚያ በኋላ ለብዙዎች ብዙ፥ ለጥቂቶች ጥቂት ሆኖ እንዲከፈል ታዘዘ። ቈጠራው ስለ ቀደመ ክፍያው ፍትሕ ሆነ።

እንግዲህ ባለሥልጣኖች ቈጠራውን ከምርጫ ወራት አርቀው፥ በግልጽና በታማኝነት ይፈጽሙ። ካህናትም በየአጥቢያቸው ምእመናን ቤታቸው ለሚመጣው ቈጣሪ እውነቱን እንዲነግሩ ያስተምሩ። ሳይቈጠር የቀረ ሰው፥ ሳይሰማ የቀረ ድምፅ ነው።