ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር በአቅም
ጎጃም በረንዳ ሱቅ እየዋለ ብር የሚያጠራቅም ወጣት የጌም ኮምፒውተር ሲያምረው፣ ገንዘቡ ያሳዝነኛልና ቀለማማ መብራት በሚረጭ አዲስ ላፕቶፕ ላይ እንዲያፈሰው አልፈልግም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚገባ ዕቃ እጅግ ተወድዷል። እኔ የምመርጠው ከቢሮ የወጣ፣ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ነው፤ ያውም ትልቁን ኬዝ፣ ምክንያቱም ቀጭኑ የሚቀበለው ለእሱ ተብሎ የተሠራ አነስተኛ ካርድ ብቻ ነው። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ደከም ያለ፣ ብዙ ጊዜም ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድ የሌለው ስለሆነ፣ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራውን ጂቲኤክስ 1650 ካርድ መፈለግ ያዋጣል (ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቅ 1650ም አለና ካርዱን ገልብጦ ማየት ነው)። ራሙ ከአንድ 16 ጊጋባይት ይልቅ ሁለት 8 ቢሆን ይሻላል፤ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ይፈጥናሉ። ዶታ 2 እና ካውንተር ስትራይክ 2 ያለ ክፍያ የሚጀመሩ ናቸው፤ የምስሉን ጥራት ዝቅ ካደረገ በዚህ ማሽን ይጫወታቸዋል። የኢንተርኔት መዘግየትን ግን የትኛውም ውድ ካርድ አይፈውሰውም፤ ሰርቨሮቹ ባሕር ማዶ ናቸው፣ መዘግየቱ እንዳይብስ ቢያንስ ከዋይፋይ ይልቅ በኬብል መገናኘት ይበጃል። ያገለገለ ካርድ ችግሩ የሚወጣው ሲሞቅ ነውና፣ ሻጩ ፊት ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም ያስኪድበት፤ ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ጋ ብር አይቁጠር።