የጓዳ ዓምድ፦ ጠላው ለምን ይሆመጥጣል?

ከአሊ አዴና ከሆል ሆል የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ ጠላ። በዓል ደርሶ፣ ከቀለብ ላይ እየተቆነጠረ የተቀመጠ እህል ተፈጭቶ፣ ጌሾ ተገዝቶ ይጠነሰሳል። በመጨረሻ የሚወጣው ግን አቼቶ፣ ወይም ጭራሹን ያልፈላ የብቅል ውሃ ይሆናል። «እጄ አይሆንም መሰለኝ» ብለው የጠየቁን አዲስ ጠማቂዎችም አሉ። መቼም እኛ ባለንበት ኑሮ አንድ ጀሪካን ጠላ ሲደፋ የሚደፋው መጠጥ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብ ዱቄት ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንየው ብለናል።

የእጅን ነገር ለጊዜው እንተወው። እናቶቻችን የሰጡን የቀን ቁጥር የደጋ ቁጥር ነው። «ጥንስሱ 3 ቀን፣ ድፍድፉ ሳምንት» ሲባል የተቆጠረው በጎንደርና በአዲስ አበባ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ጅቡቲ ከተማ ደግሞ እባሕሩ አፍ ላይ ናት፤ በሐምሌ ቀን ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እዚህ ቀን አይቆጠርም፣ ምልክት ነው የሚታየው።

እዚሁ ሄሮን ሠፈር አንድ ዓይነት ብቅልና ጌሾ ለሁለት ተከፍሎ ሲጠነሰስ አይተናል። ኤርኮንዲሽን ባለው ክፍል ጥግ የተቀመጠው ተረጋግቶ ፈላና ለመጠጥ ደረሰ። እግቢው ማድ ቤት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠው ግን በማግስቱ ገንፍሎ፣ ሌላው ገና ሳይደርስ ሆምጥጦ ነበር። ጠማቂዋ አንዲት ሴት ናት፤ እህሉም ያው ነው። እንግዲህ እጅ ምን አደረገ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠላን የሚያፈላው እርሾ ነው፤ ሆምጣጣ የሚያደርጉት ደግሞ ሌሎች ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ሁሉም ድፍድፉ ውስጥ አብረው አሉ። እርሾው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደህና ይሠራል፤ ወደ 40 ሲጠጋ ይደክማል። ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ዓይነቶቹ ግን ብዙዎቹ ሙቀቱ ይስማማቸዋል፤ ቤቱን ይወርሱታል።

ግን ሁለት ዓይነት ሆምጣጣ አለ፤ ሳይለዩ መድኃኒት መፈለግ ከንቱ ነው። አንደኛው እርጎ እርጎ የሚለው ነው፤ ምላስ ላይ ይቆማል፣ አፍንጫ አይወጋም። ይኼ ከሙቀት የመጣ ነው። በመጠኑ ከሆነ ጠላ ምንጊዜም አለው፤ ይጠጣል። ሁለተኛው ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጠው አቼቶ ነው። እሱ የመጣው ከአየር ነው። ድፍድፉ በኃይል በሚፈላበት ጊዜ ጋዙ አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ፍላቱ ሲበርድ ግን አየር ይገባል። ጀሪካኑ ግማሽ ጎደሎ ከሆነ፣ ወይም «ደርሶ ይሆን?» እየተባለ በየሰዓቱ ከተቀመሰ፣ በቃ አለቀለት። አቼቶ የሆነ ጠላ ተመልሶ ጠላ አይሆንም። ስኳር የሚጨምሩበት አሉ፤ ስኳሩ ለአንድ ቀን ምላስን ያታልላል፣ ከዚያ እንደገና ይፈላና ይብሳል። ይልቅ ለሰላጣ አስቀምጡት።

ስለዚህ ውሃ ጨምራችሁ ካበጃችሁት በኋላ ጀሪካኑን እስከ አንገቱ ሙሉት። ትልቅ ጀሪካን ከሌለው እህል ጋር አይስማማም፤ እህሉ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ዕቃ ፈልጉ። ክዳኑን ደግሞ ፍላቱ ሳያልቅ ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጀሪካኑ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ግማሽ ዙር ላላ ማድረግ ነው። ከተቻለ በክዳኑ ቀጭን ጎማ አስገብቶ ጫፉን ውሃ ባለበት ብርጭቆ መንከር ነው፤ ጋዙ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፣ አየር አይመለስም። ጋን በጭቃ ሲመረግ የሚሆነው ይኸው ነበር።

ሙቀቱንስ? ኤርኮንዲሽን የሚባል ነገር በድንኳን የለም። ጀሪካኑን ጥላ ሥር እስከ ወገቡ አፈር ውስጥ መቅበር፣ ወይም ውሃ ባለበት ሳፋ አቁሞ በእርጥብ ጆንያ መጠቅለል ይቻላል። ጆንያው በደንብ የሚያቀዘቅዘው ደረቅ ነፋስ ሲኖር ነው፤ አየሩ ወበቅ ከሆነ ብዙ አይረዳም። የሸክላ ጋን በራሱ ላብ እያላበው ይቀዘቅዛል፤ ላስቲክ ይህ ጸጋ የለውም። አሊ አዴ ከባሕሩ ዳር ከፍ ስለሚል ሌሊቱ ከከተማው ይሻላል፤ ተጠቀሙበት፣ ማታ ጠንስሱ። እንደኛ አስተያየት ለገና የሚጠመቀው ጠላ ለጀማሪ የተሻለ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ይራራል። ለቡሄና ለእንቁጣጣሽ ግን በትንሹ ብቻ ሞክሩ።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ጥንስሱ ላይ አረፋ ሲታይ፣ ጆሮ ሲያስጠጉት ሲንሾካሾክ ደርሷል፤ በዚህ ሙቀት በአንድ ቀን ሊሆን ይችላል። ድፍድፉ ወደ ላይ አብጦ ተሰንጥቆ ቆይቶ ወደ ታች ሲሰጥምና ጠቆር ያለ ውሃ ከላይ ሲያቁር፣ ቀኑ ምንም ይሁን ጊዜው ነው። «ገና ሳምንት አልሞላውም» ብሎ መጠበቅ ነው ብዙውን ሰው የጎዳው።

ያልፈላስ? እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ብቅሉ ነው። የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው የብቅል ኃይል በሙቀት ይሞታል። እርጥብ ብቅል በቀትር ቆርቆሮ ላይ ከተሰጣ ይቀቀላል፤ ጥላና ነፋስ ባለበት ጨርቅ ላይ ነው የሚደርቀው። ትኩስ እንኩሮ ላይ ብቅል መነስነስም እንዲሁ ነው። እንኩሮው እጅ የሚችለው እስኪሆን ይብረድ። አንዳንዶች ቀለሙ እንዲያምር ብቅሉን ራሱን ይቆሉታል፤ የሚቆላው አሻሮው ነው እንጂ ብቅሉ አይደለም።

ቀጥሎ ዕቃው። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ሲያጥኑት ንጹሕ ይሆናል፤ ሸክላው ግን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ከዓመት ዓመት እርሾ ይይዛል። አዲስ ላስቲክ ጀሪካን እርሾ የለውም። ስለዚህ ጠላው ያማረላትን ጎረቤት አንድ ኩባያ አተላ ለምኑና ጥንስሱ ላይ ጨምሩ። ክሎሪን የሚሸት ውሃ ከሆነ አፍልቶ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ማሳደር ነው። ጨው ጨው የሚል የጉድጓድ ውሃ ግን ቢፈላም ጨውነቱ አይለቅም፤ ለጠላ ሌላ ውሃ ፈልጉ።

አሁን የማንቀልድባቸውን ሁለት ነገሮች እንናገር። በባሕር ዳር እርጥበት ብቅል ቶሎ ይሻግታል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጸጉር ያበቀለ፣ ሻጋታ የሚሸት ብቅል ይጣል፤ «ፀሐይ ያደርቀዋል፣ እሳት ይገድለዋል» አትበሉ። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ በማፍላትም በመቁላትም አይጠፋም። ጠላው ላይ የሚታየው ስስ ነጭ ሽፋን ሌላ ነው፤ አየር የገባው ጠላ የሚያወጣው ስለሆነ ይገፈፋል፣ ጠላውም ቶሎ ይጠጣል። ሁለተኛው፣ ጋዝ፣ ናፍጣ ወይም የተባይ መድኃኒት የያዘ ጀሪካን አሥር ጊዜ ቢታጠብ ለጠላ አይሆንም። ላስቲክ ይጠጣዋል፣ መልሶም ይተፋዋል።

ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ጠላ አይስጧቸው፤ በዓልም ቢሆን። ለሽያጭ የሚያስብ ካለ ደግሞ የአገሩን ፈቃድ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ይህ ዓምድ የሚናገረው ስለ ቤት ጠላ ነው።

ለእስላም ጎረቤቶቻችን ቅሪቦ እናቅርብ የሚሉም ጠይቀውናል። የተቆላ ገብስ ተፈልቶ፣ ተጠልሎ፣ ሲበርድ ስኳርና ጥቂት የዳቦ እርሾ ገብቶበት የሚያድር ነው፤ ጌሾ የለውም። ነገር ግን ስኳርና እርሾ ባለበት በዚህ ሙቀት ሁለትና ሦስት ቀን ከተቀመጠ አልኮል ማበጀቱ አይቀርም፤ ባደረበትም ቢሆን ጥቂት ይኖረዋል። ጎረቤት ቤት የሚሄድ ከሆነ እርሾውን ጭራሹን ተዉት፤ የገብሱን ውሃ በስኳር አጣፍጣችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ በዚያው ዕለት አቅርቡ፣ ምን እንደገባበትም ንገሯቸው።