የስኳር ሕመም ስላለበት ተማሪ

በአንድ የጾም ቀን ከቀትር በፊት እያስተማርን ሳለ ከተማሪዎቻችን አንዱ እጁ እየተንቀጠቀጠ እርሳሱን ጣለ። ፊቱ በላብ ርሶ ነበር፤ ብንጠይቀውም የማይገጥም ቃል መለሰልን። እኛም ቸልተኝነት መስሎን ገሠጽነው። አጠገቡ የተቀመጠው ባልንጀራው ግን ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ስኳር አለበት፤ መርፌውን ተወግቶ ሳይበላ ነው የመጣው» አለን። ወዲያው ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣነው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም ልቡ ተመለሰለት። ለካ እናቱ የሰው ወሬ ፈርታ ሕመሙን ሸሽጋን ኖሯል። የታመመ ልጅ መገሠጻችን እስከ ዛሬ ይጸጽተናል።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ ሕመም የሚያሳፍር አይደለም። በልጆች ላይ የሚታየው በአብዛኛው ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ሲያቆም የሚመጣ ነው እንጂ ጣፋጭ በማብዛት የተገኘ አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። በ1914 ዓ.ም. በካናዳ አገር፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ኢንሱሊን ለሕመምተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተቀበለው የ14 ዓመት ልጅ ነበረ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር፤ ዛሬ ግን መርፌውን ሳያቋርጥ የሚወስድ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ይማራል፣ ይጫወታል።

አስተማሪም ሊያውቀው የሚገባ አለ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረኀብና ግራ መጋባት ስኳሩ መውረዱን ያመለክታሉ። ያን ጊዜ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው መድገም፣ ከዚያም ምግብ መስጠት ይገባል፤ ብቻውንም ወደ ቤት አይሰደድ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨምሩ በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ስኳሩ ሲበዛ ደግሞ ውሃ ይጠማዋል፤ ሽንትም ያመላልሰዋልና ለመውጣት ሲጠይቅ አይከልከል። ቢያስመልሰውና ትንፋሹ ቢፈጥን ሐኪም ያስፈልገዋል።

ስለ ጾሙም፣ ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ የማይችለውን አትጭንም፤ የንስሐ አባትንና ሐኪምን ማማከር ይገባል። ጠበል የሚጠመቅ ልጅም መርፌውን አያቋርጥ፤ ያለ ኢንሱሊን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ይደርሳልና።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ስለዚህ የልጃችሁን የመርፌና የምግብ ሰዓት፣ የእናንተንም ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ለአስተማሪው ስጡ፤ በደብተር ቦርሳውም ስኳር አይታጣ። ያ ባልንጀራው በዚያ ቀን ከትምህርት ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ እኛ ምን እናደርግ ነበር?