ጥቁሩ ጭጋግና ምስክሩ

በዚህ ወር ዓምዳችን ወደ አውስትራሊያ ተሻግረን የአንድ ዓይነ ስውር አባትን ሕይወት እናስተዋውቃችኋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያሚ ሌስተር የተወለዱት በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ በደቡብ አውስትራሊያ ክፍለ ግዛት ሰሜናዊ በረሃ ነው። ወገኖቻቸው ያንኩኒትጃትጃራ የሚባሉ፣ ነጮች ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ በዚያው የኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው።

እንግሊዝ የአውስትራሊያን መንግሥት አስፈቅዳ ከ1952 እስከ 1957 በዚያች አገር 12 የአቶም ቦምቦችን አፈንድታለች። ከነዚህ አንዱ ኦክቶበር 15 ቀን 1953 ማለዳ ኢሙ ፊልድ በተባለ ስፍራ ፈነዳ። ያሚና ቤተሰባቸው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ዋላቲና በሚባል ቦታ ሰፍረው ነበር። ያሚ በኋላ እንደመሰከሩት፣ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ቀጥሎም ጥቁር ጭጋግ ከዛፎቹ በላይ ዝቅ ብሎ ያለ ድምፅ መጣ። ሽማግሌዎቹ እርኩስ መንፈስ መስሏቸው የጦር መወርወሪያ እንጨታቸውን እያወዛወዙ ሊመልሱት ሞከሩ። ብዙ ሳይቆይ ሰፈሩ በትውከት፣ በተቅማጥ፣ በቆዳ ሽፍታና በዓይን ሕመም ተመታ። የያሚም ዓይን ታመመ፤ በ1957 ብርሃናቸው ጨርሶ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ አደሌድ ከተማ ውስጥ በዓይነ ስውራን ድርጅት ለዓመታት መጥረጊያ ሠሩ። ሆኖም በዚያ አልቀሩም። አሊስ ስፕሪንግስ ሄደው የወገኖቻቸው አስተርጓሚና ጠበቃ ሆኑ። በ1981 ከ100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ለባለቤቶቹ የመለሰው ሕግ እንዲወጣ ከታገሉት አንዱ ናቸው። በ1985 ኡሉሩ የተባለው ታላቅ ዓለት ለባለይዞታዎቹ ሲመለስም በሥነ ሥርዓቱ ላይ ያስተረጎሙት እሳቸው ነበሩ።

በ1980 ያሚ አንድ ነገር በራዲዮ ሰሙ። በሙከራዎቹ የተካፈሉ አንድ ሳይንቲስት፣ ነባሩ ሕዝብ ጉዳት እንዳልደረሰበት ይናገሩ ነበር። ያሚ ዝም አላሉም፤ ያዩትን ለጋዜጣ ተናገሩ። ሌሎችም ተከተሏቸው። በ1984 መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ለማቋቋም ተገደደ።

ኮሚሽኑ በ1985 ያቀረበው ሪፖርት ቦምቡ የፈነዳው ነፋሱ ተስማሚ ባልሆነበት ሰዓት መሆኑን፣ በዋላቲና ሰዎች ስለመኖራቸውም እንዳልታሰበ ገለጸ። ጥቁሩ ጭጋግ እውነት ስለመሆኑ በቂ ምክንያት አለ አለ። ለያሚ መታወር መንስኤው እሱ ነው ብሎ ለመወሰን ግን ማስረጃው አልበቃውም። የሰው ሁሉ ጤና አስቀድሞ ቢመዘገብ ኖሮ መልሱ ምናልባት ሌላ በሆነ ነበር። ባልተቆጠረ ሕዝብ ላይ የሚደርስ በደል ይህ ነው፤ ሲጎዳም ማስረጃ የለውም።

ምስክርነቱ ግን ከንቱ አልቀረም። በ1994 የማራሊንጋ ሕዝብ 13.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ አገኘ። የማራሊንጋን መሬት የማጽዳቱ ሥራም በ2000 ተፈጸመ። በጁላይ 7 ቀን 2017 ደግሞ 122 አገሮች የኒውክሌር መሣሪያን የሚከለክለውን ውል አጸደቁ። እንግሊዝና አውስትራሊያ በድርድሩ አልተካፈሉም። የውሉ መግቢያ የመሣሪያው ጉዳት በነባር ሕዝቦች ላይ እንደሚከብድ በግልጽ ያሠፍራል። ያሚ ከዚህ በኋላ ሁለት ሳምንት ብቻ ቆይተው ጁላይ 21 ቀን አረፉ። ልጃቸው ካሪና ምስክርነታቸውን ቀጥላበታለች።

ውድ ወጣቶች፣ ዋላቲና ላይ የሆነውን የመንግሥት መዝገብ አልያዘውም ነበር፤ የያዙት ሽማግሌዎችና ልጆች ናቸው። በየቤታችንም ማንም ያልጠየቃቸው አባቶችና እናቶች አሉ። ዛሬ ማታ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ያዩትን ጠይቋቸው፤ ቀኑንና ቦታውንም ጻፉት። እማኝ በሕይወት ሳለ ያልተጠየቀ ነገር ኋላ ቢፈለግ አይገኝምና።