ከሌሊቱ 12 ሰዓት በኋላ፦ አስተርጓሚ የሕፃናት ማደንዘዣ ደኅንነት አካል ነው

በቶሮንቶ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት ሕፃን «ከሌሊቱ 12 ሰዓት በኋላ ምንም አይቅመስ» ከተባለ፣ በካናዳ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ማለት ነው። ትእዛዙ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ሊነጋጋ ሲል ይሆናል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። መመሪያውን በታማኝነት የፈጸመች እናት ልጇን በጥጋብ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ልታስገባው ትችላለች።

«ይጹም» ማለትም አይበቃም። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ዘንድ ጾም ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ መከልከልም ጭምር ነው፤ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ የመጾም ግዴታ የለበትም። በልማድ ለሕፃን የሚሰጠውን አብሽ ወይም ቅቤ ከምግብ የማይቆጥር ወላጅም አለ። «ማደንዘዣ» ስንል ደግሞ ለጥርስ የሚወጋውንና ራስን የሚያስተውን ሙሉ ሰመመን በአንድ ስም እንጠራለን። ወላጁ የፈረመው ለየትኛው ነው?

ጥያቄው የቃላት ብቻ አይደለም። ሕፃን የዐዋቂ ሰው አነስተኛ ቅጂ አይደለም። ጨቅላ በክብደቱ ልክ ሲሰላ ከዐዋቂ በእጥፍ ገደማ ኦክስጅን ይጠቀማል፤ በሳንባው የሚያቆየው ክምችት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ትንፋሹ ሲታወክ ለማረም የሚገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በሰመመን ውስጥ ያለ ሕፃን ሳል ስለማይከላከልለት የጠጣው ወተት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በአንጻሩ «ለጥንቃቄ» ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ቢራብ፣ በጉበቱ ያለው የስኳር ክምችት አነስተኛ በመሆኑ ሌላ አደጋ ይገጥመዋል። በተለመደው አሠራር የእናት ጡት ማደንዘዣው ከመጀመሩ 4 ሰዓት፣ የዱቄት ወተት ደግሞ 6 ሰዓት አስቀድሞ እንዲቆም የሚደረገው ሁለቱን አደጋዎች ለማመዛዘን ነው። ልጁ ካለጊዜው መወለዱን፣ ሰሞኑን ጉንፋን ይዞት እንደነበር፣ ከዘመድ መካከል በማደንዘዣ ክፉኛ የታመመ መኖሩንም መሣሪያ ሊነግረን አይችልም። የሚናገረው ወላጅ ነው።

የኦንታሪዮ የሕክምና ፈቃድ ሕግ (1996) ፈቃድ በመረጃ ላይ የተመሠረተ እንዲሆን፣ የሕክምናው ምንነት፣ ጥቅሙ፣ አደጋውና አማራጩ እንዲብራራ ያዛል። ሆኖም ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብን ግዴታ በግልጽ አልደነገገም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 በኤልድሪጅ ጉዳይ፣ መስማት ለተሳናቸው ታካሚዎች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አለማቅረብ የእኩልነት መብትን እንደሚጥስ ወስኗል። ውሳኔው የሌላ አገር ቋንቋ ተናጋሪዎችን በቀጥታ ባይመለከትም፣ መግባባት የሕክምናው የማይነጠል አካል ነው የሚለው መሠረተ ሐሳቡ እንደ ፓርክዴል ባሉ የስደተኞች ሰፈሮች ለሚኖሩ ወላጆችም ይሠራል።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ አስቸኳይ ባልሆነ የሕፃናት ማደንዘዣ ፈቃድ ላይ ብቁ አስተርጓሚ፣ በአካል ካልሆነ በስልክ፣ መገኘቱ ግዴታ ይሁን። ሁለተኛ፣ የትርጉም በጀት እንደ ተጨማሪ አገልግሎት ሳይሆን እንደ ኦክስጅን መለኪያው በታካሚ ደኅንነት ሥር ይመደብ። ሦስተኛ፣ የጽሑፍ መመሪያ በሰዓት ስም ብቻ ሳይወሰን «ማደንዘዣው ከመጀመሩ ይህን ያህል ሰዓት አስቀድሞ» ይበል፤ የሚከለከለውንም ምግብ በስሙ ይጥራ።

ወጪውና የሚባክነው ጊዜ እንደ መከራከሪያ ይነሣል። ለአስቸኳይ ሕክምና ሕጉ አስቀድሞ በር ከፍቷል፤ የእኛ ጥያቄ ያንን አይነካም። በቀጠሮ ለሚደረገው ግን ሆዱ ባዶ ባለመሆኑ ቀዶ ሕክምናው የሚሰረዝበት ሕፃን የሚያስከትለው ኪሣራ ከጥቂት ደቂቃ የስልክ ትርጉም ይበልጣል። የ10 ዓመት እኅቱን አስተርጓሚ አድርጎ ማቆም ደግሞ ቁጠባ ሳይሆን ኃላፊነትን ወደ ልጅ ትከሻ ማሸጋገር ነው።